አንድ ውህድ ኦርጋኒክ መሆኑን በቶሎ ለመለየት

የአንድን ውህድ ቀመር አይተው ኦርጋኒክ ወይም ኢ-ኦርጋኒክ መሆኑን መወሰን ሲፈልጉ፣ ካርቦን መኖሩን ብቻ ከማየት ይልቅ ካርቦኑ ከሃይድሮጅን ጋር በቀጥታ የተሳሰረ መሆኑን ይመርምሩ። ካርቦን የያዘ ሁሉ ኦርጋኒክ ነው የሚለው አባባል ብዙ ተማሪዎችን ያሳስታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ያሉ ካርቦኔቶች ሁሉ ካርቦን ቢኖራቸውም በልማድ የሚመደቡት ከኢ-ኦርጋኒኮቹ ወገን ነው። ሚቴን፣ ኢታኖልና ግሉኮስ ግን ይህ ትስስር ስላላቸው ያለ ክርክር ኦርጋኒክ ናቸው።

ቀመሩን ብቻ ማንበብ ሁልጊዜ አይበቃም። ሶዲየም ባይካርቦኔት ካርቦንም ሃይድሮጅንም አለው፤ ሆኖም ሃይድሮጅኑ የተያያዘው ከኦክስጅን ጋር በመሆኑ ውህዱ ኢ-ኦርጋኒክ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር መዋቅሩን በወረቀት ላይ መሳል ይመረጣል።

መለያው የማይዛቸው ጥቂት ውህዶችም አሉ፤ እነዚህን በቃል ከመያዝ ሌላ አማራጭ ያለ አይመስለኝም። ካርቦን ቴትራክሎራይድ ሃይድሮጅን ከነአካቴው የለውም፤ የዩሪያ አራቱም ሃይድሮጅኖች የተሳሰሩት ከናይትሮጅን ጋር ነው፤ ሁለቱም ግን ኦርጋኒክ ይባላሉ። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 ዩሪያን ኢ-ኦርጋኒክ ተብሎ ከሚቆጠረው አሞኒየም ሳይኔት በቤተ ሙከራ በማዘጋጀቱ፣ ኦርጋኒክ ውህዶች ከሕያዋን ብቻ ይገኛሉ የሚለው እምነት ተናግቷል፤ ከዚያ ወዲህ የውህዱ ምንጭ እንደ መለያ አያገለግልም።