ያልተኮሳችሁትን ጥይት ራስጌያችሁ አታሳድሩ

ተኩስ ማሠልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው ሁሉ ስለ ሽጉጡ ይጠይቀኛል። ስለ ጥይቱ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። ሪቮልቨሩን (ጥይቶቹን በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚይዘውን ሽጉጥ) ለመምረጥ ሦስት ወር የፈጀ ሰው ጥይቱን በሁለት ደቂቃ ገዝቶ ይወጣል። ከዚያ አጉርሶ ቤቱ ይቆልፍበታል። ያ ጥይት ከዚያ ሽጉጥ አንድም ቀን ተተኩሶ አያውቅም። ቤተሰቡ ግን በእሱ ተማምኖ ይተኛል። ይሄ ነገር ያሳስበኛል፤ ስለዚህ በየጊዜው የማያቸውን ስህተቶች ልጻፋቸው።

ስለ ፈቃድ፣ ከልጆች አርቆ ስለ መቆለፍና ስለ መሠረታዊ አያያዝ እዚህ አልደግምም። እሱን ያልጨረሰ ሰው ጥይት መምረጥ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ልኩን አለማጣራት

.38 ስፔሻል እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣ ጥይት ነው። .357 ማግነም ከእሱ ተወልዶ በ1935 መጣ። የሁለቱ አረር ውፍረት አንድ ነው። የማግነሙ ቀለህ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ያስረዘሙት ሆን ብለው ነው፤ ለ.38 በተሠራ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ። የማግነም ግፊት ከተራው .38 እጥፍ ገደማ ነውና። ስለዚህ .38 በ.357 ሽጉጥ ይተኮሳል። ተቃራኒው ፈጽሞ አይሞከርም።

በመካከል ደግሞ «ፕላስ ፒ» የሚባለው አለ። ልኩ ያው .38 ነው፤ ግፊቱ ግን ከፍ ያለ ነው። የሚገባበት ቀዳዳ አንድ ስለሆነ ሽጉጡ ራሱ አይከለክላችሁም። አሮጌ ወይም ቀላል ሽጉጥ ካላችሁ መመሪያውን አንብቡ። እንደሚችል ካልተጻፈ ተራውን ተጠቀሙ።

ትንሽ ሽጉጥ፣ ትልቅ ማግነም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ አብዛኛውን ጀማሪ የሚያሳስተው ይሄ ነውና።

«ኃይለኛው ይሻላል» ይሉኛል። ከዚያ አጭርና ቀላል ሪቮልቨር ይዘው ማግነም ያጎርሱበታል። አንድ ሠልጣኝ ነበረኝ፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ብርቱ። የመጀመሪያው ጥይት መሃል ገባ። ሁለተኛው አንድ ስንዝር ራቀ። ሦስተኛው ከወረቀቱ ወጣ። አራተኛውን ሊተኩስ ሲል ገና ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን ጨፈነ። ሰውዬው ፈሪ አልነበረም። እጁ የደረሰበትን እርግጫ አውቆ አስቀድሞ እየተከላከለ ነበር። ማንም ሰው ይሄን ልማድ ካመጣ በኋላ ለመተው ብዙ ይለፋል።

ይሄ በቀን ብርሃን ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ጆሮ ተሸፍኖ። አሁን ሌሊት መኝታ ቤት ውስጥ አስቡት። ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ የሚችለው ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ይጀምራል። ማግነም ከአጭር በርሜል ሲተኮስ ከ160 ያልፋል። ግድግዳው ደግሞ ድምፁን ይመልሰዋል። ከአፈሙዙ የሚወጣው ነበልባል ጨለማ የለመደ ዓይንን ለጊዜው ያሳውራል። ነበልባሉ የሚበዛውም ባሩዱ አጭሩ በርሜል ውስጥ ነዶ ስለማያልቅ ነው። የከፈላችሁበት ኃይል ከፊሉ ውጭ ቀረ ማለት ነው። እርግጫው ግን ሙሉውን እጃችሁ ላይ ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማስፈትነው። አንድ የምግብ ሰሃን የሚያህል ክብ ወረቀት ላይ ይሳላል። ሠልጣኙ 7 ሜትር ላይ ይቆምና አምስት ጥይት ይተኩሳል። ሰዓት እይዛለሁ። መጀመሪያ በማግነም፣ ቀጥሎ በተራው .38። አምስቱንም ክቡ ውስጥ በቶሎ ያስገባው የትኛው ነው? መልሱን ሰዓቱና ወረቀቱ ይነግሩታል፤ እኔ መከራከር አያስፈልገኝም።

እጃቸው ለሚደክም፣ ለአረጋውያን፣ ጣታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች 148 ግሬይን ዋድከተር እመክራለሁ። ግሬይን የአረር ክብደት መለኪያ ነው፤ 148ቱ 10 ግራም ገደማ ይሆናል። ዋድከተር ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ለኢላማ ውድድር የተሠራ ጥይት ነው። እርግጫው ለስላሳ ነው። ለመሥራት እንደ ሌሎች አረሮች ሲመታ ጫፉ ተከፍቶ መስፋት አያስፈልገውም፤ ቀጥ ብሎ ይገባል። አንድ ችግር አለው። ፊቱ ስላልሾለ በፍጥነት ሲያጎርሱት የቀዳዳውን ጠርዝ ይነካና ይቆማል። ይሄንንም በባዶ ቀለህ ወይም በመለማመጃ ጥይት ተለማመዱት።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ማመን

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ የተለካው ከእናንተ ሽጉጥ በረዘመ በርሜል ነው። የእናንተ በርሜል 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ያንን ፍጥነት አትጠብቁ። ጫፉ የተቦረቦረ አረር ደግሞ የሚከፈተው በፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ሲያንስ ሳይከፈት እንደ ተራ አረር ያልፋል። ወፍራም ልብስ ሲያገኝ ቀዳዳው በጨርቅ ይደፈናል፤ ያኔም አይከፈትም።

የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ በደረሰበት የተኩስ ልውውጥ ሁለት ባልደረቦቹን ካጣ በኋላ የጥይት አፈታተኑን ለውጧል። አረሩ ሥጋን ተክቶ ለፈተና በሚዘጋጅ ጄላቲን ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር እንዲገባ ይፈለጋል። ባዶ ጄላቲን ብቻ ሳይሆን በልብስ ተሸፍኖም ይተኮስበታል። ጥይት ስትመርጡ በልብስ የተፈተነ፣ ያውም ከእናንተው በሚቀራረብ አጭር በርሜል የተፈተነ መሆኑን ተመልከቱ። ራሱ መሥሪያ ቤቱ በሪቮልቨር ዘመኑ የያዘው 158 ግሬይን፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ጫፉ የተቦረቦረ ፕላስ ፒ .38 ነበር። በመዳብ ያልተሸፈነ እርሳስ ቀለል ብሎ ስለሚከፈት እስከ ዛሬ የሚወዱት ብዙ ናቸው።

ቤት ውስጥ በውኃ ጀሪካን የሚሞክሩም አሉ። ውኃ አረሩን ከልክ በላይ ይከፍተዋል። ሁለት ጥይት ለማወዳደር ካልሆነ በስተቀር በእሱ አትወስኑ።

የወፍ ጥይት፣ ማለትም ጥቃቅን እርሳስ የሞላበት የሪቮልቨር ጥይት፣ ለእባብ ነው። ለቤት ጥበቃ አይሆንም።

ግድግዳን በተመለከተም አትታለሉ። ለቤት ጥበቃ የሚበቃ ማንኛውም የሽጉጥ አረር ስስ የክፍል ግድግዳ ያልፋል። ልጆቹ በየትኛው ወገን ነው የሚተኙት? ይሄን ጥይት ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት።

የመጨረሻዋን ጥይት አለመለካት

ይሄ የራሴ ስህተት ነው። ቀላል የአሉሚኒየም ሪቮልቨር ነበረኝ። አንድ ኃይለኛ ጥይት በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየተኮስኩ «ሞከርኩት» ብዬ ደመደምኩ። ለወራት በእሱ ተማምኜ ተኛሁ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ አምስቱንም አከታትዬ ልተኩስ አልኩ። አራተኛው ላይ ሲሊንደሩ ተቀረቀረ። ምላጩ አልሳብ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የአንዱ ጥይት አረር ከቀለሁ ወጣ ብሎ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ብሏል። ከበርሜሉ ሥር ተደግፎ መዞሪያ ከልክሎታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሽጉጡ ሲራገጥ ያልተተኮሱትን ቀለሆች ይዞ ወደ ኋላ ይወረወራል። አረሩ ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ቀለሁ ጥብቅ አድርጎ ካልነከሰው በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ ይሾልካል። ሽጉጡ በቀለለ ቁጥር፣ አረሩም በከበደ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። አንዳንድ በጣም ቀላል ሽጉጦች ላይ ይህን ዓይነት አረር አትተኩሱ የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎ የምታዩትም ስለ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሪቮልቨር እንዲህ ሲቀረቀር እዚያው በጣት የሚፈታ አይደለም።

ፈተናው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አንዷን ጥይት በቀለም ምልክት አድርጉባትና ርዝመቷን በካሊፐር (በትክክለኛ የርዝመት መለኪያ) ለኩ። የመጨረሻዋ ተተኳሽ እንድትሆን አድርጋችሁ አጉርሱ። ሌሎቹን ተኩሱ። ምልክት ያለባትን አውጥታችሁ እንደገና ለኩ። መልሳችሁ አስገቡና ድገሙት። ከረዘመች ያንን ጥይት ለዚያ ሽጉጥ ተዉት። ሳጥኑ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

አለመክሸፉን ሳያረጋግጡ መቀበል

ምላጩ እንዲለሰልስላቸው ስፕሪንግ የሚያስቀይሩ አሉ። ያኔ መዶሻው ደከም ብሎ ይመታል። የልምምዱ ጥይት ይፈነዳል፤ የቤቱ ጥይት ፕራይመር (ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው፣ ተመትቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) ጠንከር ካለ ይከሽፋል። ከስድስት ሁለቱ የከሸፈበት ሠልጣኝ አይቻለሁ። ያውም ለአንድ ዓመት ቤቱ ያስቀመጠው ጥይት ነበር። እኔ ከአንድ ዓይነት ጥይት 50 ያለ እንከን ካልተኮስኩ አልቀበለውም። ውድ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቢሆንም በዚህ አልደራደርም።

ልምምድ ላይ ጥይት ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጋችሁ 30 ሰኮንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው አንሶ «ጧ» ሳይሆን «ጵስ» ካለ ደግሞ ወዲያው አቁሙ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ጥይት ሽጉጡን እጃችሁ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

ቶሎ ቶሎ ልበል

ቋሚ ማነጣጠሪያ ያላቸው ብዙዎቹ የ.38 ሽጉጦች የተስተካከሉት ለ158 ግሬይን አረር ነው። ቀላሉ አረር አፈሙዙ ብዙ ሳይነሳ ፈጥኖ ስለሚወጣ ዝቅ ብሎ ይመታል። ጥይት ስትቀይሩ የት እንደሚያርፍ በወረቀት እዩ።

ቀለህ ስታራግፉ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጉና መግፊያውን ዘንግ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ቀስ ብሎ የሚገፋ ሰው ያልነደደ የባሩድ ፍሬ ከቀለህ ማውጫው ሥር ያስገባል። አንዲት ፍሬ ሲሊንደሩ አልዘጋ እንዲል ትበቃለች።

በ.357 ሽጉጥ ብዙ .38 ከተኮሳችሁ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የጥቀርሻ ቀለበት ይሠራል። ረጅሙ ማግነም ሲመጣ እዚያ ላይ ይጣበቃል። በብሩሽ ጥረጉት።

ጥይት ዘይት አትቀቡ፤ ፕራይመሩ ውስጥ ገብቶ ሊያከሽፈው ይችላል። በቆዳ መያዣም ለረጅም ጊዜ አታቆዩት። ቆዳው የተለፋበት ኬሚካል ነሐሱን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ከዚያ ጥይቱ ወደ ቀዳዳው አልገባም ይላል።

እኔ ሳጥኑ ላይ ያጎረስኩበትን ወር እጽፋለሁ። ዓመት ሲሞላው የቆየውን ልምምድ ቦታ ወስጄ አምስቱንም አከታትዬ እተኩሳለሁ። ከዚያ ከዚያው ሳጥን አዲስ አጎርስና መልሼ እቆልፋለሁ።