ሲሪያል ባርን ስንቅ ስታደርጉ፦ ምርጫው፣ አበላሉና አሠራሩ

የእግር ጉዞ ቦርሳዬን የማዘጋጀው ከማታው ነው። ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ በመጨረሻም ስንቅ። ከስንቄ መሀል ሲሪያል ባር፣ ያ አጃና ለውዝ ከደረቀ ፍራፍሬ ጋር በማር ወይም በሽሮፕ ተጣብቆ የሚሠራው፣ ጠፍቶ አያውቅም። አብረውኝ የሚወጡ ሰዎችም ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ «ቆይ ግን፣ ይሄ ነገር ለጤና ጥሩ ነው?» እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ ለምን ያህል ሰዓት ነው የምንሄደው?

ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው እንደ ክብደቱና እንደ ዳገቱ በሰዓት ከ300 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ሊያቃጥል ይችላል። 40 ግራም የሚመዝን ባር አብዛኛውን ጊዜ ከ160 እስከ 190 ኪሎ ካሎሪና 10 ወይም 12 ግራም ስኳር አለው። ዳገት ላይ ያ ስኳር በቀጥታ ወደ ሥራ ይገባል፤ ጡንቻ እየጠበቀው ነው። ቢሮ ተቀምጣችሁ ከቡና ጋር ስትበሉት ግን ከብስኩት ብዙም አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ ማርና ሽሮፕም ጭምር፣ ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ አንዱ ባር የ25 ግራሙን ገደብ ግማሽ ያህል ሊወስድባችሁ ይችላል። ጤናማ ነው ወይስ አይደለም ብዬ በደፈናው የማልመልሰው ለዚህ ነው።

ስትገዙ በፊት ለፊቱ ያለውን የአጃና የማር ሥዕል ተዉትና ገልብጡት። የግብዓቶቹ ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙው ይቀድማል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አያለሁ። አጃ፣ ለውዝ፣ ቴምር ከሆኑ እይዘዋለሁ። አንድ ልብ በሉልኝ የምለው ነገር አለ፤ ስኳር በአንድ ዝርዝር ውስጥ በተለያየ ስም ተበታትኖ ሊገባ ይችላል። ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ማር፣ ዴክስትሮስ፣ ቡናማ ስኳር እያለ ሲዘረዘር እያንዳንዱ ትንሽ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲደመሩ ግን ከአጃው ሊበልጡ ይችላሉ። ማልቶዴክስትሪን፣ ከስታርች የሚሠራው ዱቄት፣ ደግሞ በንጥረ ነገር ሰንጠረዡ «ስኳር» መስመር ላይ አይቆጠርም፤ ሰውነት ግን እንደ ስኳር በፍጥነት ይፈጨዋል።

ሁለት ባር ስታወዳድሩ ከሰንጠረዡ የ100 ግራሙን ዓምድ ተጠቀሙ፤ የአንዱ ፍሬ 25 ግራም፣ የሌላው 50 ሊሆን ስለሚችል በፍሬ ማወዳደር ያሳስታል። በእንግሊዝ የምግብ ምልክት አሠራር በ100 ግራም ውስጥ ከ22.5 ግራም በላይ ስኳር ያለው ምግብ ቀይ ምልክት ይደረግበታል። ብዙ ባሮች ይህን ያልፋሉ፤ ለዳገት አያስጨንቀኝም፤ ለልጅ የየዕለት መክሰስ ግን አላደርገውም። ፋይበሩ በ100 ግራም 6 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። «ስኳር የለውም» የሚለውን ለጉዞ አልመክርም። በስኳር ፋንታ የሚገቡት ማልቲቶልና ሶርቢቶል፣ እንዲሁም ቺኮሪ ከሚባል ተክል ሥር የሚወጣው ኢኑሊን የተባለ ፋይበር፣ በዛ ሲል ሆድ ይነፋሉ፤ ማልቲቶልና ሶርቢቶል ሊያስቀምጡም ይችላሉ። መጸዳጃ በሌለበት መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአበላሉን ጊዜ የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። አንድ ቀን ጫፉ ላይ ሳልደርስ አልቀምስም ብዬ ባሩን በኪሴ ይዤ ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ያህል እንደሄድኩ ጉልበቴ ድንገት ከዳኝ፤ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ መጠቅለያውን መቅደድ አቅቶኝ በጥርሴ ከፈትኩት። ከበላሁም በኋላ ወደ ራሴ እስክመለስ ሩብ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ወዲህ ርሃብ እስኪሰማኝ አልጠብቅም። ከተነሣሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግማሽ ባር፣ ከዚያ በየ40 ደቂቃው ሌላ ግማሽ፣ ሁልጊዜ ከውሃ ጋር። ከሁለት ሰዓት ለማያልፍ ቀላል ጉዞ ቁርስ በልቶ የወጣ ሰው ምንም አያስፈልገው ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ደግሞ ባር ምሳ አይሆንም፤ አብዛኛው ከ3 እስከ 5 ግራም ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው። ዳቦና እንቁላል ያዙ።

የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ስኳራችሁ ሲወርድ ባርን ብቻ አትመኑ። ስቡና ፋይበሩ ስኳሩን ያዘገየዋል፤ ጁስ ወይም የግሉኮስ እንክብል ለብቻው ይኑራችሁ። ለሌላ ሰው ስታካፍሉም ለውዝ ይስማማው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቤት ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ የእኔ መጠን ይኸው። 200 ግራም አጃ በደረቅ መጥበሻ፣ መዓዛው እስኪመጣ 5 ደቂቃ ያህል አምሱ። 100 ግራም ማርና 100 ግራም የለውዝ ቅቤ በትንሽ እሳት አቅልጡ። ከአጃው፣ ከ100 ግራም የተከተፈ ቴምር፣ ከ50 ግራም የሱፍ ፍሬና ከቁንጥር ጨው ጋር ለውሱት። በወረቀት በተሸፈነ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ ላይ ገልብጡና በብርጭቆ ቂጥ ተጫኑት፤ አጥብቃችሁ፣ ማዕዘኖቹንም ሳትረሱ። የሚፈረፈር ባር አብዛኛውን ጊዜ ያልተጫነ ባር ነው። በ160 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ዳሩ ወርቃማ እስኪሆን ጋግሩት። ትኩሱን አትቁረጡት፤ ይበታተናል። ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ 12 ቦታ ቁረጡት። እያንዳንዱ ወደ 185 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ከማሩ ብቻ ወደ 7 ግራም ስኳር አለበት። የቤት ስለሆነ ስኳር የለውም ማለት አይደለም፤ ውስጡ ያለውን ግን በእጃችሁ ስለመዘናችሁት ታውቁታላችሁ።

ለሙቀት ቀን ቸኮሌት የተቀባውን አትያዙ፤ ቦርሳ ውስጥ ይቀልጣል። በብርድ ቀን ደግሞ ባር እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ የሚቀጥለውን ፍሬ ከጃኬታችሁ ውስጠኛ ኪስ፣ ከሰውነታችሁ አጠገብ አድርጉት። ከበላችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፤ ጥርስ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና። ለባዶ መጠቅለያ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ትንሽ ፌስታል አለኝ፤ ከቀደድኩት ላይ የተረፈችው ትንሽ ጫፍ እንኳ እዚያው ትገባለች።