40ው ሲደበዝዝባችሁ መጀመሪያ ዘይቱን ጠርጥሩ

ላብራቶሪ ልምምድ ለወጣችሁ፦ «ማይክሮስኮፑ ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት የ40ውን (40 ጊዜ የሚያጎላውን) ሌንስ ጫፍ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የደረቀ ኢመርሽን ኦይል (በ100ው ሌንስ ስናይ ስላይዱ ላይ የምናንጠባጥበው ዘይት) ነው። ለማየት አንዱን የዓይን ሌንስ ንቀሉና ገልብጣችሁ እንደ አጉሊ መነጽር ተጠቀሙበት፤ ቅባቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ፎከስ ሳዞር ውያለሁ።

እንዴት ይደርሳል? የወባ ስላይድ በ100 እያየን ቦታው ሲጠፋን ወደ 40 እንመልሰዋለን። 40ው ግን ያለ ዘይት የሚሠራ ሌንስ ነው፤ ለስላይዱ በጣም ስለሚቀርብ ዘይቱ ውስጥ ይነከራል። ስለዚህ በ10 ቦታውን ፈልጉ፣ በ40 ምስሉን አጥሩ፣ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ 100። ዘይት ከነካ በኋላ ወደ 40 መመለስ የለም። ቦታ ከጠፋ 10ን አዙሩ፤ እሱ ከስላይዱ ራቅ ስለሚል ዘይቱን አይነካም።

በ100 ስታዩ ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ ሥር ብርሃን የሚሰበስበውን ሌንስ) እስከ ላይ ከፍ፣ ዲያፍራሙን (የብርሃኑን ቀዳዳ) ከፈት አድርጉ። ትልቁን የፎከስ ቁልፍ አትንኩ፣ ስላይዱ ቀጭ ይላል፤ ትንሿ ትበቃለች።

ማጽዳቱ በሌንስ ወረቀት ብቻ ነው። ሶፍትም የጋውን ጫፍም (ሁላችንም አድርገነዋል!) ሌንሱን ይጭራሉ። የደረቀው እምቢ ካለ ወረቀቱን በሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ ትንሽ አርጥቡ። ፈሳሹን ሌንሱ ላይ አታፍስሱ፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የ100ውን ደግሞ ሥራ ስትጨርሱ በየቀኑ ጥረጉት፤ ነገ ጠዋት ሲደርቅ ሁለት እጥፍ ያደክማችኋል።