አፈርሰሞን ስትገርዙ ጫፉን ሁሉ አትቁረጡ

እስራኤል ውስጥ በግቢያችሁ አፈርሰሞን (በእንግሊዝኛ ፐርሲመን የሚባለው የፍራፍሬ ዛፍ) ላላችሁ፦ የመግረዣው ጊዜ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት የብርድ ወራት ነው፤ እምቡጡ ማበጥ ሳይጀምር።

መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ይህን እወቁ። አፈርሰሞን የሚያፈራው በዚያው ዓመት በሚያቆጠቁጥ ለጋ ቀንበጥ ላይ ነው። ያ ቀንበጥ የሚወጣው ደግሞ አምና ባደገው ቅርንጫፍ ጫፍ አካባቢ ካሉት እምቡጦች ነው። ስለዚህ ዛፉን እንደ አጥር ዙሪያውን እኩል መከርከም የመጪውን ፍሬ አብሮ መጣል ነው። እባካችሁ አታድርጉት!

ከማሳጠር ይልቅ አንዳንዱን ቅርንጫፍ ከነመነሻው አውጡ፤ የደረቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ወደ መሃል የሚያድገውን። ብርሃን እስከ ውስጥ ይግባ። ከሥሩ የሚበቅለው ቡቃያም ዛፉ ከሌላ ግንድ ጋር ተጣብቆ ከተዳቀለበት ቦታ በታች ከሆነ የምትፈልጉትን ፍሬ አይሰጥምና ይወገድ።

በአንድ ዓመት ብዙ አትቁረጡ። ከባድ ቆረጣ ላይ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ሲጨመር ዛፉ ወደ ቅጠል ያደላል፤ ጨቅላ ፍሬውንም ያረግፋል።

የአፈርሰሞን እንጨት ተሰባሪ ነው። ጫፍ ማሳጠር የምፈቅደው ረጅምና ቀጭን ሆኖ ፍሬ መሸከም ለማይችል ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ፍሬው ተጨናንቆ ከያዘ ገና ትንሽ ሳለ አሳሱት፤ የቀረው ይወፍራል፣ ዛፉም ለከርሞ ፍሬ አቅም ይተርፈዋል።