ጨጓራን ጠብቆ አንጀትን መርሳት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንጀታችን ውስጠኛ ሽፋን አንድ ረድፍ ሴሎች ብቻ ነው። አንድ ረድፍ! የሴሎቹ መገጣጠሚያ ሲላላ፣ እዚያው አንጀት ውስጥ መቅረት የነበረበት የባክቴሪያ ርዝራዥ ሾልኮ ያልፋል፤ ሰውነትም ይቆጣል።

ይህን ሽፋን ከሚጎዱት መካከል የሕመም ማስታገሻዎች አሉበት፤ በጣም የሚያሳስበኝ ስህተትም ይሄ ነው፦ «ኦሜፕራዞል አብሬ ስለምወስድ አይቡፕሮፌን አይጎዳኝም።» ኦሜፕራዞል የሚቀንሰው የጨጓራ አሲድን ነው። ለጨጓራ ይጠቅማል፣ እውነት ነው። ትንሹ አንጀት ላይ ግን ችግሩ አሲድ አይደለም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ፕሮስታግላንዲን የተባለውን፣ የአንጀትን ዝልግልግ ሽፋንና የደም ዝውውር የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ፤ በዚያ ላይ የሴሎቹን ኃይል ማመንጫ ያውካሉ። እንዲያውም ኦሜፕራዞል የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስብጥር ስለሚለውጥ ጉዳቱን ሊያባብሰው እንደሚችል የጠቆሙ ጥናቶች አሉ።

«በመርፌ ስለተወጋሁ አንጀቴን አይነካም» ማለትም ያው ነው። ዳይክሎፌናክ በደም ዞሮ ጉበት ይደርስና ከሐሞት ጋር ተመልሶ አንጀት ውስጥ ይፈሳል። ሽፋን ያለው አስፕሪንስ? ሽፋኑ የሚሟሟው ከጨጓራ ካለፈ በኋላ ነው፤ የት መሰላችሁ፣ አንጀት ውስጥ።

ከሩጫ በፊት «እንዳያመኝ» ብሎ አይቡፕሮፌን መዋጥ ሌላው ነው። ጠንከር ያለ ስፖርት ስንሠራ ደም ከአንጀት ወደ ጡንቻ ስለሚሄድ አንጀቱ ለብቻው እንኳ ይጨነቃል፣ መድኃኒቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አልኮልም የአንጀት ሴሎቹን መገጣጠሚያ ያላላል፤ ከማስታገሻ ጋር አታደራርቡት።

የታሸጉ ምግቦች ላይ ያለው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ጨርሶ ይንቃል፣ ሌላው ይደነግጣል። ዘይትና ውሃን የሚያዋህዱት ፖሊሶርቤት 80 (ኢ433) እና ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ (ኢ466) አይጦች ላይ ባክቴሪያ ወደ አንጀት ግድግዳ እንዲጠጋ ማድረጋቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ታይቷል። በ2022 በወጣ ሙከራ ደግሞ ጤነኛ ሰዎች ለ11 ቀናት በየቀኑ 15 ግራም ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ሲወስዱ፣ ባክቴሪያ የተጠጋባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። መጠኑም ብዙ ነበር። ስለዚህ አንድ አይስክሬም አያስፈራችሁ፤ የየቀኑ ምግባችሁ በሙሉ የታሸገ ከሆነ ግን ጀርባውን አንብቡ።

ይህን አንብባችሁ ለልብ የታዘዘላችሁን አስፕሪን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ አደራ! ያ ከአንጀቱ የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞል ይበቃ እንደሆነም አብራችሁ አንሱለት። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሕክምና ቤት ነው።