የልጅ ቶንሲል፣ የልብ ቫልቭ እና የደም መርጋት፦ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ አለብን?

ደም የሚረጋው በግፊትና በኮሌስትሮል ብቻ ይመስለናል አይደል? እኛ አገር ግን ገና በ20ዎቹ እያለ ስትሮክ የመታው ሰው ሲመረመር ነገሩ የጀመረው በልጅነቱ ከታመመው ጉሮሮ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይሄን መከላከል ስለሚቻል ነው ወላጆች በደንብ እንዲያውቁት የምፈልገው።

እንዴት መሰላችሁ፣ ስትሬፕ ኤ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ነቅተው አንቲቦዲ (ባክቴሪያውን የሚዋጋ ፕሮቲን) ይሰራሉ፣ እስከዚህ ጥሩ ነው፣ ችግሩ የባክቴሪያው ፕሮቲን ከልብ ቫልቭ (ደም በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ የሚከፈትና የሚዘጋው በር) ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል፣ ስለዚህ አንዳንድ ልጆች ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ፣ ጉሮሮው ድኖ ልጁ እየተጫወተ እያለ፣ አንቲቦዲውና ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ዞረው የራሱን ቫልቭ ያጠቃሉ። ይሄ ሲደጋገም ቫልቩ ጠባሳ ይዞ ይጠብባል፣ ደሙ በግራ በኩል ያለው የላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል፣ ክፍሉ ይለጠጣል፣ የልብ ምቱ ይዘበራረቃል፣ በቃ እዛ ጋ የቆመው ደም ይረጋል። የረጋው ተቆርሶ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ነው። ደም ሲረጋም ነጭ የደም ሴሎች እጃቸው አለበት፦ ኒውትሮፊል የሚባሉት ዲኤንኤያቸውን መረብ አድርገው ይረጫሉ። በ2004 በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች ይሄን ያገኙት ሴሎቹ በመረቡ ባክቴሪያ ሲያጠምዱ አይተው ነው፣ በኋላ ግን መረቡ ፕሌትሌትም (ደም የሚያረጉት ትንንሽ የደም ሴሎች) እየያዘ የደም መርጋትን እንደሚያግዝ ታወቀ።

እና ምን እናድርግ? መጀመሪያ ጉሮሮ። ሳልና ንፍጥ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ግን ሳይስል ድንገት ካተኮሰው፣ መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱ ስር እጢ ካበጠ፣ ቶንሲሉ ቀልቶ ነጭ ነገር ከያዘ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ህመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ህክምና ከተጀመረ ልቡን ማዳን ይቻላል። ወይ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው ወይ ለ10 ቀን የሚዋጥ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን፣ በሶስተኛው ቀን ተሻለው ብላችሁ እንዳታቆሙ! እባካችሁ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ይቅር፣ ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ነው የሚጨምረው።

ከጉሮሮ ህመም በኋላ ዛሬ ጉልበቱን ነገ ቁርጭምጭሚቱን እያለ የሚዞር የመገጣጠሚያ ህመም ከመጣ፣ ወይም ሲሮጥ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም እጁ ሳያዝዘው ከተወራጨ፣ ብርድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሐኪሙ ልቡን እንዲያዳምጥና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እንዲያዝ ጠይቁ።

ቫልቩ ተነክቷል ከተባለ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋ ፔኒሲሊን አለ፣ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜው 40 ዓመት እስኪሞላ ድረስ። ረጅም ነው፣ ልጁም ይሰለቻል፣ እናትየውም ትሰለቻለች፣ ግን አዲስ ስትሬፕ በገባ ቁጥር ነጭ የደም ሴሎቹ እንደገና ወደ ቫልቩ ስለሚመለሱ መዝለል አይቻልም። ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፉት። ቫልቩ በጣም ለተጎዳ ሰው ሐኪሙ መርፌውን ወደ ክኒን ሊቀይርለት ይችላል፣ በራስ ማቆም ግን የለም። ጸበል የምትሄዱም መድሃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ማቅጠኛ ክኒን) የጀመረ ሰው ደግሞ ትልቁ ስራ አይኤንአር (ደሙ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚረጋ የሚያሳይ የምርመራ ቁጥር) መከታተል ነው። ማይትራል ቫልቭ (በግራ በኩል ባሉት የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው) ጠቦ ምቱ ለተዘበራረቀ ሰው ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ይፈለጋል፣ ብረት ቫልቭ ከገባ ከፍ ሊል ይችላል፣ የእናንተን ሐኪማችሁን ጠይቁ። አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ምርመራ አይፈልጉም ብሎ ወደነሱ መቀየር አለ፣ ግን በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የሚባለው ጥናት በዚህ የቫልቭ በሽታ ምቱ ለተዘበራረቀ ሰው እንደ ዋርፋሪን ያሉት የድሮዎቹ ከአዲሶቹ አንዱ ከሆነው ሪቫሮክሳባን እንደሚሻሉ አሳይቷል። ጎመን ክልክል አይደለም፣ መጠኑ ግን አይለዋወጥ፤ ጾም ገባ ብሎ ድንገት በየቀኑ ጎመን መብላት የመድሃኒቱን ጉልበት ይቀንሰዋል፣ ለአሜባ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ደግሞ በተቃራኒው ከፍ አድርጎ ደም ያስፈስሳል፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንደዛው አደገኛ ናቸው። ፋርማሲ ስትገቡ መጀመሪያ "ዋርፋሪን እወስዳለሁ" በሉ። ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ሳታረግዝ በፊት ሐኪሟን ታማክር፣ ዋርፋሪን ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል።

ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ይነጋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትና የመጨረሻውን አይኤንአር ንገሯቸው።