ደብረ ሊባኖስ ስትሄዱ

ያደግኩት ፍቼ ነው። አያቴ ወደ ገዳሙ ይዛኝ ስትሄድ ጠዋት በጨለማ ነበር የምንነሳው። እናንተም እንደዚያው በጊዜ ተነሱ።

ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፍቼ የሚሄድ መኪና ያዙና ከተማው ሳትደርሱ መገንጠያው ላይ ውረዱ። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ቁልቁል ወደ ገደሉ ነው።

ገዳሙን አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያኔ ደብረ አስቦ ይባል ነበር። አሁን የምታዩት ትልቁ ቤተክርስቲያን ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ነው። የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወቶች ፀሐይ ሲመታቸው እዩ። ነጠላ አትርሱ፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል።

ከዚያ ወደ ዋሻው ውጡ። ጻድቁ የጸለዩበት ነው፣ ጠበልም አለ። ዳገቱ ያደክማል፤ አያቴ ሦስቴ አርፋ ነበር የምትደርሰው። አትቸኩሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ።

አንድ ነገር አደራ። ግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ባዘዘው ጭፍጨፋ መነኮሳቱና ለበዓል የመጡ ምዕመናን ተገድለዋል። አያቴ ግቢው ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው። እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያ ነኝ።

ስትመለሱ መገንጠያው አጠገብ የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ያሠሩት የድንጋይ ድልድይ አለ። ሰው የፖርቹጋል ድልድይ ይለዋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ሲነጩ ታገኟቸዋላችሁ። ምግብ አትስጧቸው። ድልድዩ አጠገብ ያለውን ፏፏቴ ከፈለጋችሁ መስከረም ላይ ኑ፤ በጋ ውሃው ይሳሳል።

ነሐሴ 24፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ክብረ በዓል፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ማደሪያችሁን ቀድማችሁ ፍቼ ያዙ፣ ጃኬትም ያዙ፣ ሌሊቱ ይበርዳል።